ለቫርቱሂ የዘገየ መርዶ

አሩሲያክ ከባጃጁ ሲወርዱ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ነጭ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ጭቃው ላይ እየተከሉ መጡ፤ ሊደግፋቸው የተንደረደረውን የእድር ሰው በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

«ተወኝ ልጄ፤ መሄድ አላቃተኝም» አሉት፣ ጥርት ባለ የፒያሳ አማርኛ።

ከኋላ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት የላንቴ ገበሬዎች ተያዩ። ፈረንጅ መስለዋቸው ነበር።

ሊሻን ከፍራሹ ተነሣች። አክስቷን በዕድሜዋ ያየቻቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ያ ወፍራም ቅንድብና ያ ጎበጥ ያለ አፍንጫ ግን ትናንት አፈር የለበሰው የአባቷ ነው። አንገታቸው ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች። አሮጊቷ አላለቀሱም። ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላትና፣

«ቀበራችሁት?» አሉ።

«ትናንት። ሙቀቱ አላስቻለንም አክስቴ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት...»

«ይሁን። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«ሊሻን፣ እኅትየው ደክሞታል፤ ወንበር አምጪለት» አለች እናቷ አሰፋሽ ከተቀመጠችበት። አሰፋሽ በጋሞኛ አፏን የፈታች የኦቾሎ ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ጋር በአማርኛ ስትኖር ወንዱንና ሴቱን ማምታታት አልተዋትም፤ ሟቹም አንድ ቀን አርሟት አያውቅም።

አሩሲያክ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ ደራረቡ። ሊሻን ከጎናቸው ተቀመጠች። አባቷ ሳይሞት ለእኚህ ሴት የምታደርሰው ቃል ትቶላታል። አሁን ልንገራቸው፣ ትንሽ ይረፉ፣ ውኃ ይቅመሱ እያለች ስታመነታ ረፋዱ አለፈ።

ሟቹን አርባ ምንጭ የሚያውቀው ሙሴ አቬዲስ ብሎ ነው። ከተማዋ ገና አዲስ ሳለች የመንገድ ሥራ ማሽኖች ሊጠግን ከአዲስ አበባ መጥቶ በዚያው የቀረ አርመን መካኒክ ነበር። ኋላ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ከፈተ። በላንቴ የሙዝ እርሻዎች የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነበር።

«እሱ እኮ ፓምፕ ቆመ ሲሉት ምሳውን ጥሎ ይነሣል» አለ ገነነ የሚባል የላንቴ ገበሬ፣ ጎኑ ላለው ሰው። «አንድ ጊዜ ‹ነገ ይደርሳል ሙሴ፣ ሙዙ በአንድ ቀን አይሞትም› ብለው እንዴት አድርጎ ጮኸብኝ መሰለህ! ‹ውኃ የጠማውን ነገ ትለዋለህ?› አለኝ። ከዚያ ራሱ አፈረና ሲጋራ ሰጠኝ።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ሊሻን ያንን ጩኸት ታውቀዋለች። አባቷ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ብቻ ማንም ባልጠበቀው ነገር ድንገት ይፈነዳል። ልጅ ሳለች እናቷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ እሱም ለሥራ ጂንካ ሄዶ ነበርና፣ አጎቷ ኤርጫፎ ወደ ኦቾሎ ወሰዷት። ከአጎቷ ልጆች ጋር እየተጫወተች፣ ሸማኔዎቹ ሥር ክር እየለቀመች ደስ ብሏት ሰነበተች። አባቷ እንደተመለሰ ያንን አቀበት በዝናብ ወጥቶ፣ ከማዕድ ላይ አንሥቶ ታቀፋትና፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ «ልጄን ለማንም አልሰጥም! ለማንም!» ብሎ ጮኸ። ኤርጫፎ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የእኅታቸውን ደጅ አልረገጡም። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ከቀትር በኋላ ሰው ሳሳ። ጎረቤታቸው መምህር ጥዑመልሳን ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለገነነ ያስረዱታል።

«አርመኖች ክርስቲያን ሕዝብ ናቸው። አገራቸው በቱርኮች መንግሥት ሥር ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥቱ ራሱ ተነሣባቸው። ወንዱን ገደሉት፤ ሴቱንና ሕፃኑን በረሃ ለበረሃ ነዱት። በዚያው አለቁ።»

«አላለቅንም» አሉ አሩሲያክ ከወንበራቸው።

መምህሩ ደነገጡ። «ይቅርታ እመቤቴ፤ እንዲያ ለማለት አይደለም...»

«ይኸው አለሁ አይደል?» አሩሲያክ ወደ ሊሻን ዞሩ። «አባትሽ ስለ እናታችን ምን ነግሮሻል?»

«ከኢየሩሳሌም እንደመጣች ብቻ» አለች ሊሻን። መዋሸቷ ነበር።

«እንግዲያው ስሚ። ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የእልቂቱን መቶኛ ዓመት ስናስብ ና ብዬው ነበር። ልቤ አይችልም አለኝ። እሱ መስማት አይወድም ነበር፤ እኔ ግን ከእማማ አፍ ሰምቼ ነው ያደግሁት።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ ብዙ ጊዜ የተናገረውን እንደሚደግም ሰው ቀጠሉ።

«እናታችን አራክሲ የኻርፐርት ሰው ናት። ከአባታችን በፊት ሌላ ባል ነበራት። ከከተማው ወንዶች ጋር አስረው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እሷን ከትንሽ ልጇ ጋር ነዷት። ልጅቱ ቫርቱሂ ትባላለች። በእግራቸው ነው፣ በዚያ ፀሐይ። የደከመ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የቀረውን ወታደሮቹ ይጨርሱታል። ኤፍራጥስ ዳር ሲደርሱ ወንዙ ሬሳ ይዞ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋ ነው። ቫርቱሂ ማልቀስ አቆመች። እማማ ‹ልጅ ማልቀስ ሲያቆም ነው የሚያስፈራው› ትል ነበር። አንድ ጉድጓድ ዳር የዓረብ ዘላኖች አገኟቸው። አንዲት ሴት ልጅቷን በምልክት ጠየቀቻት፤ እማማ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በስልቻ ውኃ ሰጠቻት።»

ድንኳኑ ውስጥ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው እንኳ አልነበረም።

«‹ልጄን በውኃ ሸጥኳት› ትል ነበር። ‹ውኃውንም ብቻዬን ጠጣሁት።› በረሃውን አልፋ፣ በኢየሩሳሌም አድርጋ ፒያሳ ከገባች በኋላ እንኳ፣ ቤታችን ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ብርጭቆ ሞልታ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም።»

«ልጅቱስ?» አለ ገነነ።

«ሞታለች። አቬዲስ ጎልማሳ ሲሆን ሶርያ ድረስ ሄዶ አጣርቶ መጣ። በዓመቱ በኩፍኝ ሞታ ቀብረዋታል። ከመቃብሯ ላይ አፈር ይዞልን መጣ። እኔም ይኸው ሻማ አበራላታለሁ።» ከዚያ የሊሻንን ክንድ ያዙ። «ነገ ሠልስቱ ላይ ቄሱ የወንድሜን ስም ሲጠሩ የእሷንም እንዲጠሩልኝ ንገሪልኝ።»

ሊሻን ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

አባቷ የነገራት ከፋሲካ በፊት ነበር። ልቡ ደክሞ ከአልጋ አልወርድ ብሎ፣ ቴሌቪዥን ከፍታለት ሸሚዙን ታጥፋለች። ዜናው የሶርያን ጦርነት ያሳያል፤ የፈረሰ ፎቅ፣ አቧራ፣ የሚሮጥ ሰው። ዜና አንባቢው ዴር ዙር የምትባለው ከተማ ተከባለች አለ።

«ድምፁን ጨምሪው» አላት አባቷ። ዜናው እስኪያልቅ ዓይኑን አልነቀለም። «እዚያ የእኅቴ ልጆች አሉ።»

ሊሻን ራሷ የምትቃዥ መሰላት እንጂ አባቷ ይቃዣል ብላ አላሰበችም፤ ድምፁ ያን ያህል የረጋ ነበር። ከዚያ ነገራት። እናቱ የቫርቱሂን አጥንት እንኳ አግኝልኝ እያለች ስታለቅስበት ወደ አሌፖ ሄደ። እዚያ ያሉ አርመን ሽማግሌዎች የትኛው ጎሣ ዘንድ የትኛዋ ልጅ እንደቀረች ያውቁ ነበር። ከመንደር መንደር ሲጠያይቅ ሰንብቶ አገኛት።

«አገጯና ከንፈሯ ሥር ተነቅሳለች። ጥቁር ለብሳለች። አያት ሆናለች። ዓይኗ ግን የእማማ ዓይን ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። የአገራችንን ቋንቋ ረስታዋለች፤ በአስተርጓሚ ነው ያወራነው። ዳቦና እርጎ አቀረበችልኝ። ‹እናትሽ አለች፣ ሐበሻ አገር› አልኳት። እርጎውን ወደ እኔ አስጠጋች። ከዚያ ‹እኔ እናት ነበረችኝ፤ አሳድጋኛለች፣ ቀብሬያታለሁ። ያቺኛዋ ቫርቱሂ ሞታለች ብለህ ንገራት› አለችኝ። ተነሣሁ። ምን እላለሁ? መኪናው ጋ ስደርስ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች። ያቺ የምታክል ሴት ልጆቿ እያዩ ስትሮጥ! አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው በደንብ የሰማ ስላልመሰለው አስደገማት።»

«ምን አለች?»

«‹ውኃው አደረሳት ወይ?›»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አደረሳት አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ተመለሰች።»

«ለምን ይህንን ለአያቴ አልነገርካትም?»

«እንዴት አድርጌ? ሞታለች በል ብላኛለች። የሞተ ሰው ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?» ትንፋሽ አጥሮት ትራሱን ተደገፈ። «እኔ ስሞት አሩሲያክ ትመጣለች። ንገሪያት።»

«አሁን ልደውልልህና ራስህ ንገራት።»

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አላት።

ጓሮው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ሊሻን ይህንን ሁሉ ተከትለዋት ለወጡት ለእናቷና ለአጎቷ ተናገረች። ኤርጫፎ ከኦቾሎ ከወረዱ ጀምሮ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሰምተው ሲያበቁ በጎባጣ ጣታቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር።

«ያን ቀን» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ቤት መጥቶ አንቺን የነጠቀኝ... ለዚህ ኖሯል?»

ሊሻን እጃቸውን ያዘች።

«እኔኮ ጋሞ ናችሁ ብሎ የናቀን መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት እኅቴን ሳላያት ቀረሁ!» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ምነው በነገረኝ? ምነው አንድ ቀን ጠርቶ ቢነግረኝ?»

«ለእኔስ መቼ ነገረኝ» አለች አሰፋሽ። «በእንቅልፉ ይጮሃል። ውኃ ስሰጠው አይጠጣም። እኔም አልጠየቅሁት።»

ጥቂት ቆይተው ኤርጫፎ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። «መርዶ ነው። መኖሯ ቢሆንም መርዶ ነው። ነገ በማለዳ፣ ሰው ሳይገባ ይነገራቸው። እኔም እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ሦስቱም ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። አሩሲያክ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው ፀጉራቸውን ያበጥሩ ነበር። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ፒያሳ ተወልደው ያረጁ ናቸው፤ በማለዳ እንዲህ ሆኖ የሚገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አሉ።

ሊሻን እግራቸው ሥር ተንበረከከች። አባቷ እንደነገራት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ንቅሳቱን፣ እርጎውን፣ ሞታለች በላት ያለችውን። በመጨረሻም ስትሮጥ መጥታ የጠየቀችውን።

ማበጠሪያው ከአሮጊቷ እጅ ወደቀ።

«አፈር አምጥቷል» አሉ። «ከመቃብሯ ነው ብሎ አፈር አምጥቷል። እማማ ደረቷ ላይ አድርጋው ነው የተቀበረችው። የማን አፈር ነበር?»

«አላውቅም አክስቴ። አልነገረኝም።»

«ሌላስ? ጠየቀች ያልሽው... ድገሚልኝ።»

«‹ውኃው አደረሳት ወይ?›»

አሩሲያክ ከዘራቸውን አንሥተው ወለሉን ይደበድቡት ጀመር።

«አምጡልኝ! ከመቃብሩ አውጥታችሁ አምጡልኝ ያንን ሰው! እማማ ስትሞት እሱ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ነኝ አጠገቧ የነበርኩት! ማንኪያ ይዤ፣ ከንፈሯን በጥጥ እያራስኩ ለመንኳት። አልጠጣም አለች። ‹የቫርቱሂን ጠጥቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል› አለችኝ። ምላሷ ደርቆ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሞተች! ይህ ቃል ደግሞ በእጁ ነበር። በእጁ!»

አሰፋሽ ልትይዛቸው ተጠጋች፤ ገፏት። ኤርጫፎ ግን ተይ ብለው በዓይናቸው ከለከሏት። አሮጊቷ በማይገባቸው ቋንቋ ጮኹ፤ ከዚያ በአማርኛ ጮኹ፤ ከዘራው ሲደክማቸው በጡጫቸው ጭናቸውን መቱ።

«ምናልባት ቢነግራት የባሰ እንዳትጎዳ ብሎ...» አለች ሊሻን።

«ምናልባት አትበይኝ!»

ብዙ ቆይተው ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ልጆች አሏት?»

«ብዙ። አባዬ ስማቸውን አልያዘም። ያሉበት ከተማ አሁን ጦርነት ላይ ነው።»

«እንግዲህ አይገኙም» አሉ። ቀና ብለውም ሻንጣቸውን አሳዩ። «አምጪልኝ። የዚህ ሰውዬ ልቅሶ ላይ አልቀመጥም።»

ለቀስተኛው ሠልስት ለማውጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ አሩሲያክ ሻንጣቸውን አቅፈው ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባጃጆች እየቆሙ ይጠይቃሉ፤ እሳቸው አይመልሱም። ከሩቅ አባያ ሐይቅ በደመናው ሥር ደፍርሶ ይታያል። ኤርጫፎ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሊሻን ከበሩ ውስጥ ሆና ትሰማለች።

«ለእኅትዎ አልቅሰው ያውቃሉ?» አሉ ኤርጫፎ።

«ሻማ አበራ ነበር።»

«ሻማውን አልጠየቅኩም።»

አሩሲያክ ሻንጣቸውን አጥብቀው ያዙ።

«እኛ ዘንድ ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ሬሳው ባይኖርም አደባባይ ወጥተን እናለቅስለታለን» አሉ ኤርጫፎ። «እኔ አቬዲስን ሃያ ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ትናንት ነው ነገሩ የገባኝ። ዛሬ ምን ላድርገው? ይኸው ቁጭ ብዬ አለቅስለታለሁ። እርስዎም ይቀየሙት። ግን ሰው ተሰብስቧል፤ የሷም ልቅሶ ዛሬ ይሁን። በእርጅና ሞታለች እንግዲህ፤ እስካሁን አትኖርም። ከእርስዎ ሌላ በስሟ የሚያለቅስላት ማን አለ?»

«እኔ አልቃሽ አይደለሁም» አሉ አሩሲያክ።

«አያልቅሱ። ይቀመጡ ብቻ።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ መንገዱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኤርጫፎ ስበው አስነሧቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ሊሻን ወንበሩን አቀረበችላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አይሆንም አሉና፣ በእሷ ትከሻ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ፍራሹ ላይ ከአሰፋሽ ጎን ወረዱ። አሰፋሽ ከነጠላዋ ግማሹን በእግራቸው ላይ ጣለችላቸው። ሁለቱ ሴቶች እንዲያ ሆነው ጠበቁ።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው በተራ እየገባ ማስተዛዘን ጀመረ። ፊት የገቡት መምህር ጥዑመልሳን ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው አሮጊቷን ጨበጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን» አሉ አሩሲያክ። እጃቸውን ግን አልለቀቁም።

መምህሩ ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ ያዟቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ቆመ።

«ይድገሙልኝ» አሉ አሩሲያክ።

«ምን አሉኝ እመቤቴ?»

«ያሉኝን ይድገሙልኝ። ያኛው ለወንድሜ ነው።»

መምህር ጥዑመልሳን ግራ ተጋብተው ሊሻንን አዩ። ሊሻን አቀርቅራለች። አልጠየቁም።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

አሩሲያክ እጃቸውን ለቀቁላቸውና ወደሚቀጥለው ሰው ዘረጉ።